ፓላዲንን ከመነሻ መደብነት ወደ ላቀ መደብነት ማሸጋገር፦ ዝርዝር መመሪያ

በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ማለትም የጨዋታ መሪ ታሪኩን እየመራ ተጫዋቾች በየራሳቸው ገጸ ባሕርይና በዳይስ በሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ፣ በሦስት ነጥብ አምስት እትሙ አንድ ተጫዋች በመጀመሪያው ምሽት ፓላዲን (ለአምላኩ የቆመ ቅዱስ ተዋጊ) ሆኖ ጨዋታውን መጀመር ይችላል። ገጸ ባሕርዩ ገና ሰይፉን ከሰገባው ሳይመዝ፣ ማንንም ሳይታደግና አንድም ፈተና ሳያልፍ ክፉውን ከደጉ ይለያል፤ በቀን አንድ ጊዜም በአምላኩ ኃይል ክፋትን ይመታል። ማን እንደመረጠውና በምን ታምኖ ጸጋው እንደተሰጠው ሕጉ አይጠይቅም። እኔ ግን የፓላዲን ታሪክ ያለው እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። በአብነት ትምህርት ቤት ማንም ሰው ከቤቱ ተነሥቶ በአንድ ቀን መሪጌታ አይባልም፤ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ዜማ ይማራል፣ ቅኔ ይቀኛል፣ መጠሪያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፓላዲንነትም እንዲህ በትዕግሥት የሚደረስበት ማዕረግ ቢሆን ጨዋታው የበለጠ ክብደት ያገኛል።

ከዚህ በታች የማቀርበው ፓላዲንን ከ1ኛ ደረጃ የሚያዝ መነሻ መደብ መሆኑን አስቀርቶ፣ በሌሎች መደቦች ያደገ ገጸ ባሕርይ ቅድመ ሁኔታ አሟልቶ የሚገባበት የላቀ መደብ የማድረጊያ መንገድ ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ የሦስት ነጥብ አምስት እትም ናቸው፤ አካሄዱ ግን ባርድን (ዘፋኝ ጀብደኛውን)፣ ሬንጀርን (የጫካ ተዋጊውን) ወይም ሌላ መደብ ለማሸጋገር ለሚፈልግም ያገለግላል።

ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። «መደብ» የምለው የገጸ ባሕርዩን ሙያ ነው፤ «ደረጃ» በዚያ ሙያ ያደገበት መጠን ነው። «የጥቃት ጭማሪ» ገጸ ባሕርዩ ሲመታ ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ ላይ የሚደመረው ቁጥር ሲሆን፣ «የመቋቋም ጭማሪ» ደግሞ መርዝን፣ ወጥመድንና ድግምትን ሲቋቋም የሚደመረው ነው። በየጊዜው ከዝርዝር የሚመረጠውን «ልዩ ችሎታ»፣ መደቡ ራሱ የሚሰጠውን «ጸጋ» እለዋለሁ። ተጫዋቾችዎ በሌላ ቃል የለመዱ ከሆነ የእነርሱን ይውሰዱ፤ ዋናው ነገር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ቃል አንድ ነገር ብቻ ማለቱ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ጨዋታው በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ ሲወጣ የነበሩት መደቦች ተዋጊ፣ አስማተኛና ክለሪክ (በአምላኩ ኃይል የሚደግም ካህን) የሚባሉት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ፓላዲን የመጣው በ1975 በተጨማሪ መጽሐፍ ሲሆን፣ ሲወለድም ሞገሱ (በቁጥር ከሚለኩት የገጸ ባሕርዩ ተፈጥሯዊ ችሎታዎች አንዱ) ቢያንስ 17 የሆነና በሕግ የሚመራ ተዋጊ ሊሆን የሚችለው ነገር ነበር። በ1978 በታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ባርድ ለመሆን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ተዋጊ ሆኖ ቢያንስ 5ኛ ደረጃ መድረስ፣ ቀጥሎ ሌባ ሆኖ ማደግ፣ ከዚያም በድሩይዶች (በተፈጥሮ ካህናት) ሥር መማር ነበረበት። በ1984 በወጣው የከፍተኛ ደረጃዎች እትም ደግሞ ርስት ሳይዝ የሚጓዝ ተዋጊ 9ኛ ደረጃ ሲደርስ በሕግ የሚመራ ከሆነ ለቤተ እምነት ታማኝነቱን ምሎ ፓላዲን መሆን ይችል ነበር። እንግዲህ የላቀ መደብ የሚለው ስያሜ በ2000 በሦስተኛው እትም ከመምጣቱ በፊት ሐሳቡ በጨዋታው ውስጥ ኖሯል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው ምሳሌ ግን ነፍሰ ገዳዩ ነው። በ1978ቱ መጽሐፍ ራሱን የቻለ መነሻ መደብ የነበረው ይህ ሙያ በሦስተኛው እትም የላቀ መደብ ሆኗል። ለመግባት ራስን የመለወጥ ክህሎት 4 ነጥብ፣ የመደበቅና በዝምታ የመንቀሳቀስ ክህሎት እያንዳንዳቸው 8 ነጥብ፣ እንዲሁም ወደ ማኅበሩ ለመግባት ሲባል ብቻ ሰው መግደልን ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ በሒሳብ የሚረጋገጡ ናቸው፤ የመጨረሻው በጨዋታው ውስጥ መሆን ያለበት ድርጊት ነው። ይህን አጣማሪነት ልብ ይበሉ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በ2004 የወጣው የአማራጭ ሕጎች መጽሐፍም ፓላዲንን፣ ሬንጀርንና ባርድን በላቀ መደብ መልክ አቅርቧል፤ እዚህ የምገነባው ግን የዚያ ግልባጭ ሳይሆን ከራሱ ስሌት የሚነሣ ንድፍ ነው።

እርምጃ 1፦ መደቡ መሸጋገር የሚችል መሆኑን መመርመር

በእትሙ 11 መነሻ መደቦች አሉ፤ ሁሉም ግን ለዚህ ሥራ አይመቹም። መጠየቅ ያለበት «ይህ መደብ ከሌሎች ሁለት መደቦች መገናኛ ላይ የቆመ ነውን?» የሚለው ነው። ፓላዲን በተዋጊና በክለሪክ መካከል ይቆማል፤ ሬንጀር በተዋጊና በድሩይድ መካከል፤ ባርድ በሌባና በአስማተኛ መካከል። እነዚህ ሦስቱ መጋቢ መደብ ስላላቸው ይሸጋገራሉ። መነኩሴው ግን ባዶ እጁን መሣሪያ የሚያደርገው ከ1ኛ ደረጃ ጀምሮ በሚያድግ ስሌት ነውና ከ6ኛ ደረጃ ላይ ቢያስጀምሩት እስከዚያ ድረስ የሚመግበው መደብ የለም። የባርቤሪያኑ ቁጣም ማዕረግ ሳይሆን አስተዳደግ ነው፤ ማንም በአምስት ደረጃ ልፋት ቁጡ አይሆንም። እነዚህን ሁለቱን ባሉበት ይተዋቸው።

እርምጃ 2፦ ጸጋዎቹን ፈትቶ መጻፍ

አንድ ወረቀት ይውሰዱና መነሻው ፓላዲን በየደረጃው የሚያገኘውን ሁሉ ይዘርዝሩ፦ በ1ኛ ክፋትን ማወቅና ክፋትን መምታት፣ በ2ኛ ሞገሱን በመቋቋም ላይ የሚደምረው መለኮታዊ ጸጋ እና እጅ በመጫን መፈወስ፣ በ3ኛ የድፍረት ግርማና ከበሽታ መጠበቅ፣ በ4ኛ የሚንቀሳቀሱ ሙታንን ማባረርና የድግምት መጀመሪያ፣ በ5ኛ ልዩው ፈረስ፣ በ6ኛ በሽታን ማስወገድ። ከዚያ በኋላ እስከ 20ኛ ደረጃ ድረስ የሚመጣው፣ ከድግምቱ በቀር፣ የእነዚሁ መደጋገም ነው።

ከዚህ ዝርዝር ሁለት ነገር ይገለጣል። አንደኛ፣ ሙታንን ማባረርና ድግምት ክለሪኩ ቀድሞውኑ ያለው ነገር ነው፤ ስለዚህ የላቀው መደብ እንደ አዲስ መስጠት የለበትም፣ ማሳደግ ብቻ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ የመደቡ ሀብት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ደረጃዎች ተከምሯል። መነሻ መደብ እንዲህ ሲሆን ሁለት ደረጃ ብቻ ቀምሶ የሚሄድ ሰው ይበዛል፤ ሞገሱ ከፍ ያለ የሶርሰረር (በተፈጥሮው አስማት ያለው መደብ) ተጫዋች ለመለኮታዊው ጸጋ ሲል ብቻ ሁለት የፓላዲን ደረጃ ሲይዝ አይቻለሁ፣ በሕጉ ግን ስሕተት አልሠራም። ስሕተቱ የንድፉ ነው።

እርምጃ 3፦ ቅድመ ሁኔታውን መጻፍ

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። ጥሩ ቅድመ ሁኔታ ገጸ ባሕርዩ ወደ መደቡ ከመግባቱ በፊትም ፓላዲን የሚያደርገውን በትንሹ ሲያደርግ እንደቆየ የሚያረጋግጥ ነው። ከዚህ ተነሥቼ የጻፍኩት ይህ ነው፦ በሕግ የሚመራ በጎ ጠባይ፣ የጥቃት ጭማሪ +4፣ ግልቢያ 4 ነጥብ፣ የሃይማኖት ዕውቀት 4 ነጥብ፣ በፈረስ ላይ የመዋጋት ልዩ ችሎታ፣ ሙታንን የማባረር ኃይል፣ እና በመጨረሻ በምስክሮች ፊት የሚፈጸም መሐላ።

ዝርዝሩን ከጻፉ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ በሐሳብዎ የነበረውን አንድ መንገድ ብቻ ሳይሆን ሊኖር የሚችለውን መንገድ ሁሉ በቁጥር መራመድ ነው። ተዋጊው በየደረጃው +1 የጥቃት ጭማሪ ያገኛል፤ ክለሪኩ ከአራት ደረጃ ሦስቱን። ስለዚህ ተዋጊ 4 እና ክለሪክ 1 የሆነ (አራት የተዋጊና አንድ የክለሪክ ደረጃ ያለው) ገጸ ባሕርይ 4 ሲደመር 0፣ ማለትም +4 ይዞ በ6ኛ ደረጃው ይገባል። ክለሪክ 4 እና ተዋጊ 1 የሆነው ደግሞ 3 ሲደመር 1፣ እርሱም +4 ይዞ በዚያው በ6ኛ ደረጃ ይገባል። ንጹሕ ክለሪክ በ5ኛ ደረጃው +3 ብቻ ስላለው እስከ 6ኛ ጠብቆ በ7ኛ ይገባል። ንጹሕ ተዋጊ ግን ሙታንን የማባረር ኃይል ስለሌለው ምንም ያህል ቢያድግ አይገባም፤ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ጸሎት የማያውቅ ጦረኛ ፓላዲን እንዲባል አልፈልግምና።

ክህሎቱንም እንዲሁ ይቁጠሩ። የመደቡ በሆነ ክህሎት ላይ ሊቀመጥ የሚችለው ነጥብ ጣሪያ ደረጃ ሲደመር 3 ነው፤ የመደቡ ባልሆነ ክህሎት ላይ ግን ጣሪያው የዚያ ግማሽ ሲሆን ዋጋውም እጥፍ ነው። ግልቢያ የተዋጊ እንጂ የክለሪክ ክህሎት አይደለም። የማሰብ ችሎታው 10 የሆነና የሰው ዘር ያልሆነ ገጸ ባሕርይ በ1ኛ ደረጃው ተዋጊ ሆኖ ከጀመረ ካሉት 8 ነጥቦች አራቱን በግልቢያ ላይ አኑሮ ጉዳዩን በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ የሃይማኖት ዕውቀቱን ደግሞ በክለሪክነቱ ይሞላል፣ ምንም እንኳ በተዋጊ 4 እና ክለሪክ 1 መንገድ የቀሩትን ነጥቦች አስቀድሞ በእጥፍ ዋጋ ማውጣት ግድ ቢሆንበትም። ንጹሑ ክለሪክ ግን ለግልቢያ ብቻ 8 ነጥብ ይከፍላል፤ እስከ 6ኛ ደረጃ የሚያገኘው ጠቅላላ ነጥብ 18 ስለሆነ ይቻለዋል፣ ዋጋው ግን ይሰማዋል። ይህን ልዩነት አላጠፋሁትም። ከመሠዊያው ሥር ያደገ ካህን ፈረስ መጋለብን ሲማር መቸገሩ ከታሪኩ ጋር ይሄዳል።

ይህን ስሌት ለተጫዋቾችዎ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ያሳዩ። በ1ኛ ደረጃ የተቀመጠ የክህሎት ነጥብ በ6ኛ ደረጃ በር የሚከፍት ወይም የሚዘጋ ከሆነ፣ ያን አለመንገር ተጫዋቹን ያለጥፋቱ መቅጣት ነው። በመጀመሪያ ሙከራዬ ቅድመ ሁኔታውን ደብቄ እንደ ምሥጢር ይዤው ነበር፤ አንድ ተጫዋች በልቡ ፓላዲን እየሆነ አምስት ደረጃ ካደገ በኋላ በአንድ ልዩ ችሎታ ጉድለት በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን በጽሑፍ ሳልሰጥ ጨዋታ ጀምሬ አላውቅም።

መሐላውስ? እንደ ነፍሰ ገዳዩ የመጨረሻ ግዴታ፣ ይህ በዳይስ የማይገኝ ነው። ሲጽፉት ሦስት ነገሮችን ይወስኑ፦ ለማን እንደሚማል፣ ምን እንደሚማል፣ ማን እንደሚመሰክር። ይሁንና የጨዋታ መሪው በሩን በፈለገ ጊዜ የሚዘጋበት ቁልፍ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። መሐላው ሁልጊዜ የሚደረስበት መሆን አለበት፤ ቤተ እምነቱ ቢፈርስ በፍርስራሹ ላይ፣ ካህኑ ቢሞት በመቃብሩ ፊት ሊማል ይችላል። እንዲያውም እነዚያ የተሻሉ ታሪኮች ናቸው።

አንድ ቅሬታ መልስ ይገባዋል። ብዙ ጨዋታዎች 6ኛ ደረጃ ሳይደርሱ ይበተናሉ፣ ታዲያ ተጫዋቹ የሚፈልገውን ሳያይ ሊቀር ነው ይባላል። እውነት ነው። የእርስዎ ጨዋታ አጭር እንደሚሆን ካወቁ የጥቃት ጭማሪውን ወደ +2 ያውርዱት፤ ያኔ ተዋጊ 2 እና ክለሪክ 1 የሆነው በ4ኛ ደረጃው ይገባል፣ መደቡም 17 ደረጃ ይኖረዋል፤ ንጹሑ ክለሪክ ግን የግልቢያ ጣሪያው 4 የሚደርሰው በ5ኛ ደረጃው ስለሆነ በ6ኛ ይገባል።

እርምጃ 4፦ የድግምቱን ጉዳይ መፍታት

ብዙ ንድፎች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። የላቀው መደብ በየደረጃው የክለሪኩን ድግምት ሙሉ በሙሉ የሚያሳድግ ከሆነ፣ ክለሪክ 4፣ ተዋጊ 1፣ ፓላዲን 15 የሆነ ገጸ ባሕርይ በ20ኛ ደረጃው እንደ 19ኛ ደረጃ ክለሪክ ይደግማል፤ 9ኛውን፣ ከሁሉ ከፍተኛውን የድግምት እርከን ይዞ የጥቃት ጭማሪውም +19 ይሆናል። ንጹሑ ክለሪክ በዚያ ደረጃ ያለው የጥቃት ጭማሪ +15 ነው። ከዚያ በኋላ ክለሪክ ሆኖ የሚቀር ሰው አይገኝም።

ድግምቱን ጨርሶ ካላሳደጉት ደግሞ ተዋጊ 4 እና ክለሪክ 1 የነበረው ሰው እስከ ዕድሜው መጨረሻ በ1ኛ ደረጃ ክለሪክ ድግምት ይቀራል። መነሻው ፓላዲን ግን 4ኛ እርከን ይደርሳል። መካከሉን ለማግኘት ወደ ኋላ ማስላት ይጠቅማል፦ ክለሪክ 4ኛውን እርከን የሚያገኘው በ7ኛ ደረጃው ነው፤ ስለዚህ ከክለሪክ 1 ለሚነሣው ሰው ቢያንስ ስድስት ጊዜ ማሳደግ ያስፈልጋል። እኔ ሰባት ጊዜ አደረግሁት፣ በ2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛ፣ 10ኛ፣ 12ኛና 14ኛ የፓላዲን ደረጃ ላይ። ውጤቱ ይህ ነው፦ ከተዋጊነት የመጣው በ10ኛ ጠቅላላ ደረጃው 2ኛ እርከን አለው፣ መነሻው ፓላዲንም በዚያ ደረጃ ያለው ያንኑ ነው፤ በ15ኛ 3ኛ እርከን ሲኖረው መነሻው 4ኛ ላይ ደርሷል፤ በ20ኛ ሁለቱም 4ኛ ላይ ይገናኛሉ። ከክለሪክነት የመጣው ደግሞ በ10ኛ 3ኛ፣ በ15ኛ 5ኛ፣ በ20ኛ 6ኛ እርከን ይደርሳል። ከተዋጊው ወንድሙ በድግምት ይበልጣል፤ ተዋጊው ግን ሦስት ተጨማሪ ልዩ ችሎታዎችና ስምንት ገጽ ሳይሆን አሥር ገጽ ባለው ዳይስ የሚጣል የሕይወት ነጥብ ይዞ ገብቷል። ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድ መሐላ ሥር መቆማቸው ለእኔ የንድፉ ትልቁ ደስታ ነው፤ መነሻው መደብ ይህን ልዩነት ሊሰጥ አይችልም ነበር።

በክለሪክ መዝገብ ውስጥ የሌሉ የፓላዲን ድግምቶችንም አይርሱ። መሣሪያ የሚባርከው በ1ኛ እርከን፣ ፈረስን የሚፈውሰው በ3ኛ፣ ሰይፍን የሚቀድሰው በ4ኛ እርከን የፓላዲን ብቻ ናቸው። መደቡን ሲያሸጋግሩ ባለቤት አልባ ሆነው እንዳይቀሩ፣ ገጸ ባሕርዩ 1ኛ የፓላዲን ደረጃ ሲይዝ ወደ ድግምት ዝርዝሩ እንደሚጨመሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ።

እርምጃ 5፦ ጸጋዎቹን በ15 ደረጃ ማከፋፈል

በጨዋታ መሪው መጽሐፍ ያሉት የላቁ መደቦች አብዛኞቹ 10 ደረጃ አላቸው። ፓላዲን ግን ሙሉ የሕይወት መንገድ ስለሆነ ከ6ኛ እስከ 20ኛ የቀሩትን 15 ደረጃዎች ሁሉ ሰጥቼዋለሁ። ክፋትን ማወቅና መምታት በ1ኛ ይቆያሉ፤ መግባቱ ወዲያው ሊታይ ይገባል። እጅ በመጫን መፈወስ በ2ኛ ይሁን፤ መለኮታዊውን ጸጋ ግን ወደ 3ኛ ገፍቼዋለሁ፣ ቀምሶ የሚሄደውን ሰው ለማስቀረት። የድፍረት ግርማና ከበሽታ መጠበቅ በ3ኛ፣ ፈረሱ በ4ኛ፣ ሁለተኛው መምታት በ5ኛ፣ በሽታን ማስወገድ በ6ኛ ይሆንና በየሦስት ደረጃው ይጨምራል፤ ሦስተኛው መምታት በ10ኛ፣ አራተኛው በ15ኛ ይመጣል። 7ኛ፣ 11ኛና 13ኛ ባዶ ስለሚቀሩ በ7ኛና በ13ኛ ከተዋጊው ዝርዝር አንድ አንድ ልዩ ችሎታ ይስጡ። 11ኛውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ክፍተቱን ለመሙላት ብቻ ጸጋ መፍጠር አልወደድኩም።

አንድ የተሰወረ ችግር አለ። በመነሻው መደብ ክፋትን ሲመታ የሚጨመረው ጉዳት የፓላዲን ደረጃውን ያህል ነው፤ በፈውስም የሚሰጠው የሕይወት ነጥብ የፓላዲን ደረጃው በሞገስ ጭማሪው ተባዝቶ ነው። በላቀው መደብ ይህን እንዳለ ከወሰዱት፣ የሞገስ ጭማሪው +3 የሆነ 7ኛ ደረጃ ገጸ ባሕርይ በቀን 6 የሕይወት ነጥብ ብቻ ይፈውሳል፤ መነሻው ፓላዲን በዚያ ደረጃ 21 ይፈውስ ነበር። አምስት ደረጃ የጠበቀ ሰው ይህን ቢያገኝ ተታለልኩ ይላል፣ እውነቱንም ነው። መፍትሔው ለእነዚህ ስሌቶች ሁሉ፣ ፈረሱንና ሙታንን ማባረርን ጨምሮ፣ የፓላዲንና የክለሪክ ደረጃዎችን ደምሮ መቁጠር ነው። ከተዋጊነት የመጣው ያኔ 9፣ ከክለሪክነት የመጣው 18 ይፈውሳል። በ20ኛ ደረጃ ሁለቱ 16 እና 19 ሆነው ይቆጠራሉ፤ ሙታንን ሲያባርር እንደ 17ኛ ደረጃ ክለሪክ ከሚቆጠረው መነሻ ፓላዲንም ብዙ አይርቁም።

እርምጃ 6፦ የመቋቋም ጭማሪን መግታት

እያንዳንዱ መደብ በጠንካራው የመቋቋም ዘርፍ ሲጀምር +2 ይሰጣል። ሦስት መደብ የያዘ ሰው ይህን +2 ሦስት ጊዜ ይሰበስባል። ተዋጊ 4፣ ክለሪክ 1፣ ፓላዲን 1 የሆነው በአካል ጽናት 4፣ 2 እና 2፣ በድምሩ +8 ይኖረዋል፤ መነሻው ፓላዲን በ6ኛ ደረጃ +5 ነው። በዚያ ላይ መለኮታዊው ጸጋ ሞገሱን ሲደምርበት መርዝም ሆነ ሞት የማይነካው ሰው ይሆናል። የመጀመሪያው +2 በአንድ ዘርፍ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠር ይወስኑ፤ ያኔ ቁጥሩ ወደ +4 ይወርዳል፣ ከመነሻው ፓላዲን በአንድ ብቻ ያንሳል። ሕጉ ለዚህ ገጸ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን በጠረጴዛው ላሉት ሁሉ መሥራት አለበት።

እርምጃ 7፦ የተቆረጡ ክሮችን መፈለግ

መነሻ መደብ ከመጽሐፉ ሲወጣ እርሱን የሚጠሩ ሌሎች ገጾች አሉ። በፓላዲን እጅ ሲገባ ከ+2 ወደ +5 ቅዱስ ሰይፍ የሚለወጠው የታወቀው መሣሪያ አንዱ ነው፤ የላቀውን ፓላዲን እንደሚያውቅ ይጻፉ። ሌላ መደብ የያዘ ፓላዲን ዳግመኛ በፓላዲንነት እንዳያድግ የሚከለክለው ሕግም አለ፤ አሁን ፓላዲን ሁሉ ከሌላ መደብ የሚመጣ ስለሆነ ክልከላው ትርጉም አጥቷልና ይሰርዙት። የሥነ ምግባር ግዴታውንና ሲጣስ ጸጋው የሚወሰድበትን ሕግ ግን ያቆዩ።

የዘሮችንም (የሰው፣ የድዋርፍ፣ የኤልፍ፣ የኖምና የመሳሰሉትን) ጉዳይ ይመልከቱ። በሦስት ነጥብ አምስት እትም ከአንድ በላይ መደብ የያዘና ደረጃዎቹ ከአንድ በላይ የሚራራቁ ገጸ ባሕርይ ከልምድ ነጥቡ 20 በመቶ ይቀነስበታል፣ ለዘሩ የተፈቀደው መደብ ሳይቆጠር። የላቁ መደቦች በዚህ ስሌት አይገቡም፤ መጋቢዎቹ ግን ይገባሉ። ተዋጊ 4 እና ክለሪክ 1 የሆነ ሰው ወይም ድዋርፍ አይቀጣም፤ ኤልፍ ግን የተፈቀደለት አስማተኛነት ስለሆነ ይቀጣል። ይህን ቅጣት ለመሐላ ዕጩዎች ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል። ባርድን የሚያሸጋግር ሰው ደግሞ የኖም ዘር የተፈቀደ መደብ ባርድ መሆኑን ማስታወስ አለበት፤ ምትክ ካልሰጠው አንድ ዘር ሙሉ ያለ መደቡ ይቀራል።

በዓለሙም ውስጥ የሚለወጥ ነገር አለ። ከእንግዲህ በየመንደሩ የሚኖር 2ኛ ደረጃ ፓላዲን የለም። የማኅበሩ ጀማሪዎች ተዋጊዎችና ክለሪኮች ናቸው፤ ፓላዲን ሲያልፍ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ያያል። የጻፏቸውን ከተሞች ዳግመኛ ተመልክተው ፓላዲኖቹን ይቁጠሩ፣ የሚበቃቸው ካልሆኑ ወደ ጀማሪነት ያውርዷቸው።

እርምጃ 8፦ በጠረጴዛ ላይ መፈተን

ከመጫወትዎ በፊት በ6ኛ፣ በ10ኛ፣ በ15ኛና በ20ኛ ደረጃ አራት ወረቀት ይሙሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ከተዋጊነት የመጣውን፣ ከክለሪክነት የመጣውን፣ መነሻውን ፓላዲንና ንጹሑን ክለሪክ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከአራቱ አንዱ በሁሉም ዐምድ የሚመራ ከሆነ አንድ ቁጥር ስተዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም በድግምቱ ዐምድ ነው። ከዚያ አንድ ውጊያ በሙታን ላይ፣ አንድ ደግሞ ክፉ ባልሆነ አውሬ ላይ ያካሂዱ። ፓላዲን በመጀመሪያው ሊያበራ፣ በሁለተኛው ከተዋጊው ሊያንስ ይገባል።

አሁን በመካሄድ ላይ ባለ ጨዋታ ፓላዲን የያዘ ተጫዋች ካለ አዲሱን ሕግ በላዩ አይጫኑበት። የያዘውን ይዞ ይጨርስ፣ አዲሱ ለሚቀጥለው ጨዋታ ይሁን፤ ራሱ ከጠየቀ ግን ደረጃዎቹን አብረው ይበትኑና ተዋጊና ክለሪክ አድርገው ይሥሩለት፣ መሐላውንም በታሪኩ ውስጥ ቀድሞ እንደፈጸመው ይቁጠሩለት።

መሐላው ለሚፈጸምበት ምሽት ሌላ ሥራ አያስይዙ። ተጫዋቹ ቃሉን አስቀድሞ በራሱ አማርኛ ጽፎ እንዲመጣ ይጠይቁት፤ የጓደኞቹ ገጸ ባሕርያት ምስክር ሆነው ይቁሙ፣ እያንዳንዳቸውም ባለፉት አምስት ደረጃዎች ያዩበትን አንድ ነገር ይናገሩ። ዳይሱ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ ተጫዋቹ በወረቀቱ ላይ «ፓላዲን 1» ብሎ የሚጽፈው የመጨረሻው ምስክር ተናግሮ ሲያበቃ ነው።